አብሮ ያልዞረው የነፋስ ቀስት

ለተከበሩ የበረኪና ፋብሪካው ፕሮጀክት የንድፍ ደህንነት ግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ መላ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴው ማኅተምም በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። በተለይ እንቅልፍዎ እንደ ወትሮው ጥልቅና ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኝልዎታለሁ፤ የእኔ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ስለሆነው፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ በደንብ መተኛታችን ለፕሮጀክቱ ሳይበጅ አይቀርም።

ምናልባት በመልክ አያስታውሱኝ ይሆናል። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቁን የንድፍ ወረቀት የምትለጥፈው፣ ጠርዙ ሲላቀቅ ተነሥታ በፕላስተር የምትጠግነውና ተመልሳ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ የምትለዋ ሴትዮ እኔ ነኝ። በንድፍ ክፍሉ ውስጥ መስመር ማስመር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ባልደረቦቼ «እትዬ ማስመሪያ» ይሉኛል፤ ፊት ለፊቴ ሲሆኑ በፍቅር፣ ዘወር ስል ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር ካልሆነ አይዋጥላትም ለማለት። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመዳፈር አይደለም። ለብቻዎ ከጻፍኩልዎ አራት ማስታወሻዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎ «ይታያል» ብላ በሰየመችው ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ተደላድለው መቀመጣቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አራተኛው ደግሞ ይዞት የተመለሰው መልስ አምስተኛ ማስታወሻ የሚያጽፍ አልነበረም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በእርስዎ ፈቃድ ባጭሩ ላስረዳ። ፋብሪካችን በረኪና ሊሠራ ነው፤ ለዚህም ክሎሪን የሚባለውን ጋዝ በሁለት ትልልቅ ታንከሮች አምቆ ያስቀምጣል። የበረኪና ጠርሙስ ሲከፈት አፍንጫ የሚቆነጥጠው ያ ሽታ የክሎሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ክሎሪን ራሱ ከታንከር በብዛት ሲያመልጥ ግን መቆንጠጡን ትቶ ያንቃል። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ነፋስ ወደ መራው ይሄዳል። ስለዚህ ገና አንድ ብሎኬት ሳይቀመጥ፣ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ንድፉ ፊት ተቀምጠው በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይ «ቢበዛስ? ቢያንስስ? ቢቋረጥስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ?» እያሉ እንዲጠይቁ ተደንግጓል። ይህ ሥራ መጀመሪያ ላይ የሚሠራው፣ ወረቀት ላይ ያለ ቤት በላጲስ ስለሚነሣ ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚያንቀሳቅሰው አይገኝም። የእርስዎ ኮሚቴ የተቋቋመው ለዚህ ነበር፤ ቢያንስ የማቋቋሚያ ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ሳልቀላቅል ለማቅረብ እሞክራለሁ፤ ከተቀላቀለብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቧንቧዎችን የምሳ ሰዓት ሳንነካ በሁለት ቀን ጨርሰናል። ያለቀለት ቧንቧ በቢጫ ማርከር ይሰመርበታል፤ ማርከሩን የያዙት እርስዎ ስለነበሩ እጅዎ ከጥያቄው ይቀድም ነበር። ወጣ ብሎ የተቀመጠው መነጽራም መሐንዲስ «ግፊቱ ቢበዛስ?» ብሎ ሳይጨርስ «አይበዛም» ብለው ቢጫውን አሳለፉበት፤ እሱም አፉን እንደከፈተ ቀረ።

2ኛ. በአዳራሹ ውስጥ ላስለመዱን ደንብም ባለውለታዎ ነኝ። መልስ የጠፋለት ጥያቄ ሁሉ «ለዝርዝር ንድፍ ይተላለፍ» ተብሎ ይጻፍና ሻይ እንጠጣለን። አርባ አንድ ጥያቄዎች እንዲህ ተላለፉ። ከሁለት ወር በኋላ ቀጣዩን ደረጃ የሚሠሩት የዝርዝር ንድፍ ሰዎች ሲረከቧቸው «ይህ እኮ በመጀመሪያው ግምገማ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ፊርማ አለበት» ብለው አርባ አንዱንም በአንድ ሸኚ ደብዳቤ መለሷቸው። ጥያቄዎቹ ሲሄዱ «ገና ነው» ተባሉ፣ ሲመለሱ «አልፏል» ተባሉ፤ ተራቸው የነበረችው ያቺ አንዲት ቀን በየትኛው ሳምንት መሃል ተውጣ እንደቀረች ቢያሳውቁኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከአርባ አንዱ አንዱ «ጋዝ ቢያመልጥ የላቦራቶሪው ሰዎች በየት በኩል ይወጣሉ?» የሚል ነው።

3ኛ. ኮሚቴው ቦታውን በአካል እንዲጎበኝ ተይዞ የነበረው ቀን፣ ሚኒባስ ስላልተገኘ በፎቶግራፍ ተተክቷል። ፎቶግራፎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ፎቶግራፍ ላይ ነፋስ አይታይም።

4ኛ. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ይህ ደብዳቤ የሌላ ሰው ጥፋት ብቻ የሚቆጠርበት እንዲሆን አልፈልግም። የፋብሪካው ቦታ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ረጅምና ጠባብ ነው። ታንከሮቹ በሰሜን ጫፍ፣ ላቦራቶሪው ወደ ደቡብ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን በቁሙ ሠራሁት፣ ሰሜን ወደ ላይ። እርስዎ ግን ጽሑፉ እንደማይነበብዎትና የአዳራሹም ግድግዳ ወደ ጎን ሰፊ እንደሆነ ገልጸው በአግድሙ እንዲሆን አዘዙ። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ እኔም በአንድ ከሰዓት በኋላ አዞርኩት። ቤቶቹን አዞርኩ፣ ቧንቧዎቹን አዞርኩ፣ የሰሜን ምልክቱን አዞርኩ። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ቀስት ግን በእኛ ክፍል የቆየ ልማድ፣ በንድፉ ላይ ሳይሆን በወረቀቱ ማእዘን፣ ከድርጅቱ ስምና ከፊርማው ሳጥን አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ንድፍ ሁሉ ሰሜን ወደ ላይ ይሠራበት ከነበረ ጊዜ የቀረ ነገር ነው። ማእዘኑ አይዞርም። ስለዚህ ምድሩ ሁሉ ሲዞር ቀስቱ ባለበት ቀረ፤ እኔም አላየሁትም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም።

በዚያ ቀስት መሠረት ነፋሱ ፋብሪካውን ወደ ጎን አቋርጦ፣ በምዕራቡ አጥር በኩል ሰው ወደሌለበት ሜዳ ይወጣል። መነጽራሙ መሐንዲስ እንደገና ደፍሮ «ጋዝ ቢያመልጥስ?» ሲል፣ ቀስቱን በማርከርዎ ጫፍ ነካ አድርገው «ሜዳው ይቀበለዋል» አሉት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ሳቅሁ። ያች ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ አለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለቀያሹ ወረቀት ላደርስ ወደ ቦታው ሄድኩ። ቀያሹ ችካል ሲተክል የሚያንጎራጉር፣ እንግዳ ካገኘ ሥራ የሚያካፍል ሰው ነው። እኔን የላቦራቶሪው ችካል ጋ አቆመኝና እሱ የታንከሮቹ ቦታ ላይ ሆኖ፣ መስመር የሚያሰምርበትን የኖራ ከረጢት ቀደደው። ኖራው ቦነነ፤ ከዚያ የፋብሪካውን ርዝመት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ፣ ዓይኔንም አፌንም ሞላው። ቀያሹ ከሩቅ «እትዬ፣ ዘወር ይበሉ እንጂ! እዚህ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ወደዚያ ነው እኮ!» እያለ ጮኸ።

ዓይኔን እያሸሁ በእጄ የያዝኩትን ንድፍ ተመለከትኩ፤ ቀስቱ ወደ ጎን ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ያመነ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ነፋሱን ስለሆነ፣ «ዛሬ ተሳስቶ ነው» አልኩ ለራሴ። ከዚያ የሰሜን ምልክቱንና ቀስቱን አንድ ላይ አየኋቸው፤ ክው ብዬ ቀረሁ። ችካሉ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቀያሹ ፀሐይ የመታኝ መስሎት ውሃ ይዞ መጣ።

5ኛ. በማግስቱ ጠዋት ስህተቴን ጽፌ ለቢሮዎ ሰጠሁ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጻፍኩ። ደጅ ስጠና ጸሐፊዎ ወንበር ሰጥታኛለች፤ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። በቃል የተነገረኝ፣ የተፈረመ ግምገማ እንደማይከፈትና ሰባት ሰው የፈረመበትን ወረቀት መንካት የፕሮጀክቱን ክብር መንካት እንደሆነ ነው። ያንን መነጽራም መሐንዲስ ደረጃው ላይ ጠብቄ አናገርኩት። «እትዬ፣ እኔ እንደሆነ ጠይቄያለሁ፤ ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» አለኝና ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክዎ እኔ እንዳልኩ አይንገሩ እንጂ፣ አይተዉት» አለኝ። አልተውኩትም፤ ስሙንም አልጻፍኩም።

በአራተኛው ማስታወሻዬ ግርጌ ላይ ግን እርስዎ በገዛ እጅዎ ጽፈው መለሱልኝ። ጽሑፍዎ ያማረ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቀስቱ ብቻ ይስተካከል። የእትሙ ቁጥርና ቀኑ እንዳለ ይቆይ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህችን መስመር ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ንድፍ በተለወጠ ቁጥር አዲስ የእትም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀስቱን ግን በዚያው በአሮጌው ቁጥርና በዚያው ቀን ባዞረው ወረቀቱ ትክክል ይሆናል፤ ታንከሮቹና ላቦራቶሪው ግን ባሉበት ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ሁሉ፣ ሰባት አዋቂዎች እውነተኛውን ነፋስ አይተው፣ መክረውበት፣ ወደ ሰው እንደሚነፍስ እያወቁ ወደውና ፈቅደው እንደፈረሙ ያነባል። ዳግመኛ የሚጠይቅ አይኖርም፤ የሚታይ ስህተት የለማ። ዛሬ ቢያንስ ስህተቱ ይታያል፤ ጥያቄ ያነሣል። ስለዚህ ቀስቱን አላዞርኩትም። ትእዛዝ ባለመፈጸሜ ምን ሊከተል እንደሚችል አውቃለሁ፤ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት የቀራት ሴት ጀግና አይደለችም፣ እሱንም እፈራለሁ።

ለሚቀጥለው ጉዳይ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ የትኛው ተራ ላይ እንደሚገባ አላወቅሁም።

ልጄ ፋብሪካው ሲከፈት በዚያ ላቦራቶሪ እንድትሠራ ተቀጥራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ኬሚስትሪ ተምራ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ላይ ታች ብላ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። የቅጥር ደብዳቤው የመጣ ቀን፣ ወደ ቦታው ከመሄዴ በፊት ነው፣ ንድፉን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። «እማዬ፣ የኔ መስኮት የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝና በጣቴ አሳየኋት። ሌሎቹ ክፍሎች ጠባብ መስኮት ሲኖራቸው፣ ለላቦራቶሪው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ሰፋ ያለ መስኮት የሠራሁለት እኔ ነኝ። አየር በደንብ እንዲገባ ብዬ ነበር።

ከታንከሮቹ እስከዚያ መስኮት ስልሳ ስምንት ሜትር ነው። ለስለስ ያለ ነፋስ ይህን ርቀት በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ቤቴ ውስጥ በሰዓት እየለካሁ ከወንበር ተነሥቼ መስኮት እዘጋለሁ፣ ከዚያ ዞሬ እስከ በሩ እሮጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ እደርሳለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ የምንጣፉ ጫፍ ይጠልፈኛል። ጎረቤቴ ግድግዳውን አንኳኩታ «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሯሯጪው?» ብትለኝ፣ ስፖርት ጀምሬ ነው አልኳት። እሷም «በስተርጅና!» ብላ ሳቀችብኝ።

ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በትህትና የምናገርበት መንገድ ብፈልግ አጣሁ። በጣም ፈርቻለሁ። እህል አልወርድ ብሎኛል፤ መስመር ቀጥ ብሎ አልወጣ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ልጄ ሌላ ክፍል ሆና ስታስል እንኳ ተነሥቼ በሯ ላይ እቆማለሁ። በደህና ጊዜ የማልሰማው ነገር ሁሉ፣ የበር መንኳኳት፣ የጋዝ ምድጃው መለኮስ፣ አሁን ያስደነግጠኛል።

በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ መሆኑንም አልደበቅኋት። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ሥራውን እንድትተወው ለመንኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «እሺ እማዬ፣ እኔ ብቀር ወንበሩ ባዶ ሊቀር ነው? የሌላ ሰው ልጅ አይቀመጥበትም?» አለችኝ። ያሳደግኋት እኔ ነኝና የምቆጣበት አጣሁ። እርስዎ ቢሆኑ ጥያቄዋን ለዝርዝር ንድፍ ያስተላልፉት ነበር።

ዛሬ ረቡዕ ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት የታንከሮቹ መሠረት ኮንክሪት ይሞላበታል፤ ብረቱ ታስሮ አልቋል፣ የማደባለቂያው መኪናም ተከራይቷል። እኔ የምለምንዎ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሰባቱ ሰዎች፣ አንድ ግድግዳና ቀስቱ በትክክል የዞረበት፣ አዲስ የእትም ቁጥርና የዛሬን ቀን የያዘ አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን ሠርቼ ጨርሻለሁ። ታንከሮቹ ወደ ደቡቡ ጫፍ ቢሄዱ፣ የሚያመልጠውን ጋዝ ነፋሱ ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ድንጋያማ ሜዳ ይወስደዋል፤ በመንገዱ ላይ ወንበር የለም። ቧንቧው ይረዝማል፣ የወጪው ክፍል ያኮርፋል፣ የምረቃው ቀን ይገፋል። ይህን ሁሉ አላጣሁትም። በአዲሱ ወረቀት ግርጌ ላይ «የቀደመው ስህተት የነዳፊዋ ነው» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ ጥፋተኛ ካስፈለገ እኔ አለሁልዎ፣ ፍለጋ እንኳ አያደክምዎትም። ኮሚቴው ምንም እንዳልጎደለበት፣ አንዲት ያረጀች ሠራተኛ እንዳሳሳተችው ተደርጎ ቢጻፍ አልከራከርም። ብቻ ሰኞ ከመድረሱ በፊት ይጻፍ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ስለ ወንበሩ ካለኝ የማይነጥፍ ምስጋናና ሰሞኑን አልለቅ ካለኝ ፍርሃት ጋር፣ ቀና ምላሽዎን በሰዓት እየቆጠርኩ የምጠባበቅ፣

እትዬ ማስመሪያ
የንድፍ ክፍል ሠራተኛ፣ የአንዲት ላቦራቶሪ ተቀጣሪ እናት

ግልባጭ፦
ለስድስቱ የኮሚቴው ፈራሚዎች
ለቀያሹ
ቦታ ከተገኘ፣ ለሰማያዊው ፋይል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአዲሱ ፋብሪካ ውስጥ የሚኖርዎት ቢሮ ከዋናው በር አጠገብ በመሆኑ የመኪና አቧራና ጡሩንባ እንደሚያስቸግርዎት ገልጸው፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ስፍራ እንዲዛወር ባለፈው ወር ማዘዝዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ቀስቱን አይተው ቦታውን የመረጡት ራስዎ ነበሩ። ያ ለውጥ የመጣው ግምገማው ከተፈረመ በኋላ ቢሆንም፣ በሁለት ቀን ውስጥ አዲስ የእትም ቁጥር ተሰጥቶት በሰባቱም ተፈርሞ አልቋል፤ የፕሮጀክቱም ክብር ምንም አልሆነም። ዛሬ ጠዋት ነፋሱን በትክክለኛ አቅጣጫው ይዤ ወረቀቱን ስለካው፣ አዲሱ ቢሮዎ ከታንከሮቹ ሃያ ዘጠኝ ሜትር ርቆ፣ በእነሱና በልጄ መስኮት መካከል መስመሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጋዙ ልጄ ጋ ከመድረሱ በፊት እርስዎ ጋ ይደርሳል። ይህን አንብበው ነገ ጠዋት ስብሰባ ቢጠሩ፣ ስለ ልጄ ብለው ነው ብዬ አላምንም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ይዤ በሰዓቱ እገኛለሁ።